የወባ ትንኝና የድል ማግስት

እስቲ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። የአሜሪካ መንግሥት ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ዋና ጽሕፈት ቤታቸው ዋሽንግተንና በዙሪያዋ ነው። ታዲያ ሁላችን ሲዲሲ እያልን የምንጠራው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ምን አግኝቶ አትላንታ ተተከለ? ክሊፍተን ሮድ ላይ የተደረደሩትን ሕንፃዎቹን አይቶ የማያውቅ የአትላንታ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። እኔም በታክሲ ሥራዬ ከአውሮፕላን ማረፊያ ስንቱን ሐኪምና ተመራማሪ ወደዚያ አድርሻለሁ። ጥያቄውን ለተሳፋሪም ለወዳጅም ሳቀርብ መልሱ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ «ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ አጠገቡ ስላለ ነው» ይላል። ሌላው «አውሮፕላን ማረፊያው ለሁሉም አገር ስለሚያመች ነው» ይላል። ሦስተኛው «የኮካ ኮላ ገንዘብ ነው ያመጣው» ብሎ ይገላግላል። ዋናው መልስ ግን አንዲት ቃል ናት፤ ወባ።

አዎን፣ ያቺው አገር ቤት የምናውቃት፣ አባቶቻችን ንዳድ የሚሏት ወባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ወታደሮቿንና የጦር ፋብሪካ ሠራተኞቿን ከወባ ለመጠበቅ ያቋቋመችው ትንሽ ቢሮ ነው አድጎ ተመንድጎ ሲዲሲ የሆነው። የታሪኩ ትልቁ ትምህርት ያለው በድሉ ማግስት ላይ ይመስለኛል። ጦርነት ሲመጣ የትኛውም መንግሥት ዐዋቂ ይጠራል፤ ጨንቆታልና። ጦርነቱ ሲያበቃ ዐዋቂውን ምን ያደርገዋል የሚለው ግን አገርን ከአገር ይለያል። ዛሬ በየቡናው ላይ ስለ አገራችን መልሶ ግንባታ ስናወራ ይህን ጉዳይ ብናነሣው ይጠቅማል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ይህ የምንኖርበት ደቡብ ከ1940ዎቹ በፊት የወባ አገር እንደነበር ዛሬ ለሚያየው ሰው ማመን ይቸግራል። ጆርጂያ፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ሁለቱ ካሮላይናዎች፣ ሁሉም ይንቀጠቀጡ ነበር። ጥጥ በሚለቀምበት ወራት ገበሬው አልጋ ላይ ይውላል። ገበሬው ሲተኛ ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርቱ ሲቀንስ ለመስኮቱ ወንፊት፣ ለራሱ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል፤ ስለዚህ በሚመጣው ዓመት መልሶ ይተኛል። ድህነት ወባን ትወልዳለች፣ ወባም ድህነትን ታሳድጋለች።

በ1933 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሥራው ወንዝ መገደብ፣ ጎርፍ መከላከልና ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነበር። በዚያን ጊዜ ከሸለቆው ሕዝብ 30 በመቶ ያህሉ ወባ የነካው ነበር። እንግዲህ ግድብ ማለት ሐይቅ ማለት ነው፤ ሐይቅ ማለት ደግሞ ዳርቻው ሣር ያበቀለ የቆመ ውሃ ነው፤ ያ ደግሞ ለትንኝ የሠርግ አዳራሽ ነው። መሐንዲሶቹ ብቻቸውን ቢተዉ ኖሮ ሕዝቡን ኤሌክትሪክና ወባ ባንድነት ባደሉት ነበር። ነገር ግን ሐኪሞችና የነፍሳት አጥኚዎች ከመሐንዲሶቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ። ውሃው ከመሙላቱ በፊት የዳርቻው ዛፍና ቁጥቋጦ እንዲመነጠር አስወሰኑ። ከሞላ በኋላም በትንኟ ወራት የሐይቁ ከፍታ በየሳምንቱ አንድ ጫማ ያህል ከፍና ዝቅ እንዲል አስደረጉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የትንኟ እጭ የሚያድገው በዳርቻው ሣር ውስጥ ተደብቆ ነው። ውሃው ሲሸሽ እጩ ወይ ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል፣ ወይ ከመሸሸጊያው ወጥቶ የዓሣ ቀለብ ይሆናል።

ይህን ውሳኔ ቀላል አድርገን እንዳናየው። ለግድብ ሠሪ ውሃ ማለት ኤሌክትሪክ ነው፣ ኤሌክትሪክም ገንዘብ ነው። ስለ ትንኝ ብሎ ውሃ መልቀቅ ማለት የነፍሳት አጥኚው ቃል በመሐንዲሱና በሒሳብ ሹሙ ፊት ክብደት ነበረው ማለት ነው። በ1947 ወባ ከሸለቆው ጠፋ ለማለት የሚያስደፍር ደረጃ ላይ ተደረሰ። ከመካከላችን በበጋ ወደ ሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ልጆቹን ይዞ የሚወጣ ካለ ኖተሊና ቻቱግ የሚባሉትን ሐይቆች አይቷል። እነሱም የዚሁ ድርጅት ሥራዎች ናቸው፤ ለጦርነቱ ኤሌክትሪክ ሲባል በጥድፊያ ተሠርተው በ1942 ያለቁ። የድርጅቱ ኤሌክትሪክ ለአውሮፕላን የሚሆነውን አሉሚኒየም ለማቅለጥ ዋለ፤ በኋላም ቴነሲ ውስጥ ኦክ ሪጅ ላይ ለተካሄደው የአቶሚክ ሥራ ሆነ።

ጦርነቱ ለአሜሪካ የጀመረው በዲሴምበር 1941 ነው። ብርዱ ስለማይከብድና ዓመቱን ሙሉ ማሠልጠን ስለሚቻል፣ ጦሩ ካምፖቹን በብዛት የተከለው በደቡብ ነበር። ፋብሪካዎችም መጡ። እዚሁ አጠገባችን ማሪዬታ ላይ ቢ-29 የተባለውን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሚሠራው የቤል ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ሥራው በሞላበት ጊዜ ወደ 28 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው፤ በጠቅላላው ከ660 በላይ አውሮፕላን አውጥቷል። እንግዲህ ወታደሩንም ሠራተኛውንም የምታስተኛ ትንኝ በዙሪያው አለች። በ1942 የሕዝብ ጤና አገልግሎት «በጦርነት ቀጠናዎች የወባ ቁጥጥር» የተባለውን ቢሮ አቋቋመና፣ ወባው የበዛው በደቡብ ስለሆነ፣ ቢሮውን አትላንታ ላይ አደረገው። ፒችትሪ ጎዳና ላይ ካለ ሕንፃ አንድ ፎቅ ተሰጠው። ከሠራተኞቹ የሚበዙት መሐንዲሶችና የነፍሳት አጥኚዎች ነበሩ፤ ሐኪሞቹ ጥቂት ናቸው። ሥራቸው ቦይ መቆፈር፣ ረግረግ ማጠንፈፍ፣ ውሃ ላይ ዘይትና መርዝ መርጨት፣ በኋላም ዲዲቲ ሲገኝ የቤቶችን ግድግዳ መርጨት ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ የመድኃኒት ጭንቀት ነበር። የዓለም የኪኒን ምርት ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከጃቫ ደሴት ነበር፤ ጃፓን በማርች 1942 ጃቫን ስትይዝ ምንጩ ደረቀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ ከወባው መድኃኒት ስም ወስደን ነው፤ ወባ በቋንቋችን ውስጥ ሳይቀር ስሟን ተክላለች። አሜሪካኖቹ ኪኒን ሲጠፋባቸው የዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶችን፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎችንና ጦሩን አንድ ላይ አቀናጅተው ከ14,000 በላይ ቅመሞችን ፈተኑ። ከነዚህ መካከል አንዱ ጀርመኖች በ1934 ሠርተውት «መርዝነቱ ይበዛል» ብለው የጣሉት ነበር። አሜሪካኖቹ እንደገና መርምረው ደኅና መሆኑን አረጋገጡ፤ ክሎሮኪን ብለው ስም አወጡለት። አዎን፣ ያ መራራው፣ ገላ የሚያሳክከው ክሎሮኪን! እናቶቻችን በሙዝ ጠቅልለው ያዋጡን መድኃኒት የጦርነት ጊዜ የኢንዱስትሪ ውሳኔ ፍሬ ነበር።

ከወባ ለአፍታ ወጣ ብዬ ስለ አንድ ሌላ ሰው ላውራ፤ ነገሩ ወዲያው ይገጥማል። ሳይመን ኩዝኔትስ ይባላል። ዛሬ ቤላሩስ ከምንላት አገር በ1922 እንደ እኛ ተሰድዶ የመጣ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው። በ1942 የጦር ምርት ቦርድ በሚባለው መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ጄኔራሎቹ ይህን ያህል ታንክ፣ ይህን ያህል መርከብ፣ ይህን ያህል አውሮፕላን በዚህ ጊዜ ይሠራልን ብለው ዝርዝር አቀረቡ። ኩዝኔትስና ጓደኞቹ የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት፣ የሰው ጉልበቷንና ጥሬ ዕቃዋን ቆጥረው «በዚህ ጊዜ ውስጥ ይህ ሁሉ አይቻልም፤ እንሞክር ብንል ግማሽ ፋብሪካና ግማሽ መሣሪያ ይዘን እንቀራለን» አሉ። የጦሩን አቅርቦት የሚመራው ጄኔራል ሶመርቬል በቁጣ ነደደ። ክርክሩ ወራት ፈጀ። መጨረሻ ላይ በዚያው ዓመት መጸው የጦሩ ዕቅድ ተቀነሰ፣ ጊዜውም ተራዘመ። አንድ ስደተኛ ቆጣሪ፣ በጦርነት መካከል፣ ለጄኔራል «አይቻልም» ብሎ ተሰማ። ያ የአገር ምርት አቆጣጠር ከጦርነቱ በኋላ የሰላሙ ዕቅድ መሠረት ሆነ። በፌብሩዋሪ 1946 የሥራ ዕድል ሕግ ወጥቶ ፕሬዚዳንቱ ቋሚ የምጣኔ ሀብት አማካሪዎች ምክር ቤት እንዲኖረው ተደረገ። ኩዝኔትስም በ1971 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

አሁን ወደ ድሉ ማግስት እንምጣ። ጦርነቱ በ1945 አበቃ። የማሪዬታው የአውሮፕላን ፋብሪካ በሩን ዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው በ1951 በሎክሂድ እጅ ነው። የወባ ቢሮውም እንዲሁ ሊዘጋ ይገባ ነበር፤ የተቋቋመበት ጦርነት አልቋልና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንል የለም? ዶክተር ጆሴፍ ማውንቲን የተባሉ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሰው ግን እንዲህ ያለ የሠለጠነ ኀይል አይበተንም ብለው ተከራከሩ። ቁም ነገራቸው ይህ ነው፦ ትንኝን ለመቆጣጠር የተማረ ሰው ሌላውንም ተላላፊ በሽታ መቆጣጠር ይማራል፤ ክፍለ ግዛቶቹም ችግር ሲገጥማቸው የሚጠሩት ቤት ያሻቸዋል። ጁላይ 1 ቀን 1946 ቢሮው የተላላፊ በሽታዎች ማዕከል ሆነ። ሠራተኞቹ ከ400 አይበልጡም ነበር። በ1947 ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ክሊፍተን ሮድ ላይ 15 ኤከር መሬት በ10 ዶላር ሰጣቸው፤ ዐሥሩን ዶላር ሠራተኞቹ አዋጥተው ከፈሉ። የኮካ ኮላው ሮበርት ውድረፍም እጁ ነበረበት። ስለዚህ ወዳጆቼ የሰጡኝ መልሶች ሁሉ ጥቂት ጥቂት እውነት ነበራቸው።

በ1947 አገር አቀፍ የወባ ማጥፋት ዘመቻ በ13 የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ተጀመረ። እስከ 1949 መጨረሻ ከ4.6 ሚሊዮን በላይ የቤት ርጭት ተካሄደ። በ1947 15,000 ሰው በወባ ታመመ ተብሎ ሪፖርት ቀርቦ ነበር፤ በ1950 ወደ 2,000 ወረደ፤ በ1951 ወባ ከአሜሪካ ጠፋች ተባለ። እዚህ ላይ የምወድደው ነገር አለ። በ1949 የመጡት ዶክተር አሌክሳንደር ላንግሚየር እያንዳንዱ የወባ ሪፖርት በምርመራ ይረጋገጥ አሉ። ሲመረመር ብዙው ሪፖርት ወባ ሆኖ አልተገኘም። ወባ ዲዲቲው ሳይመጣ በፊትም በቦዩ፣ በመስኮት ወንፊቱ፣ በገቢው መሻሻልና ገበሬው ከረግረጉ አካባቢ ወደ ከተማ በመሄዱ እየሳሳች ነበር። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመባትን በሽታ ራሱ ቆጥሮ «የለችም» አለ። «ገና አለች» ብሎ በጀት መጠየቅ ይቀለው ነበር። ከዚያ ይልቅ በ1951 ወረርሽኝ በተነሣበት ሁሉ ፈጥነው የሚደርሱ ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ።

ይህን ስል ሊቃውንት ሁሉ ቅዱሳን ናቸው ማለቴ አይደለም። ከአትላንታ የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ርቃ ባለችው በተስኪጊ፣ አላባማ፣ የዚሁ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሐኪሞች ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ገበሬዎች ሳያክሙ የበሽታውን አካሄድ ይመለከቱ ነበር፤ ፔኒሲሊን እንደሚያድናቸው ከታወቀ በኋላም ጭምር። ዲዲቲም ቢሆን ያለ ልክ ተረጭቶ ወፉንና ዓሣውን ስለጎዳ በ1972 በአሜሪካ ታገደ። ስለዚህ ዐዋቂው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ስንል፣ የሚመለከተውም ገበሬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ማለታችን መሆን አለበት። ጠያቂ የሌለው ዕውቀትም ይገድላል።

እስቲ ወደ አገር ቤት እንሻገር። ታክሲ ከመንዳቴ በፊት ደንቢያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነበርሁ። ጣና ዳር ያለውን የደንቢያን ሜዳ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሲያምር! ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ክፍሌ ውስጥ ወንበሮች ባዶ ይሆኑ ነበር። ስም ስጠራ «ታሟል መምህር»፣ «እናቷ ታመዋል፣ አዝመራ ላይ ናት» የሚል መልስ ይበዛል። ያን ጊዜ ነው ወባ ለምን የኢኮኖሚ ጉዳይ እንደሆነች የገባኝ። ሌላው በሽታ በየትኛውም ወር ይመጣል፤ ወባ ግን ሰብል ሊሰበሰብ ሲል፣ እጅ ሁሉ በሚፈለግበት ሰዓት ትመጣለች። ቀረጥ ሰብሳቢ እንኳ እንዲህ ጊዜ አይመርጥም።

ያ ሜዳ ታሪክ አለው። በ1953 ደንቢያ ላይ የተነሣ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በማግስቱ፣ በ1954፣ የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጎንደር እንድትመረጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አብረው ሠልጥነው በቡድን ወደ ገጠር ይሰማሩ ጀመር። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ነው የተነሣው። ታዲያ ይህ ከአትላንታው ታሪክ ጋር ወንድማማች አይደለም? ሁለት ከተሞች፣ በ8 ዓመት ልዩነት፣ በአንዲት ትንኝ ምክንያት ሁለት ትልልቅ የጤና ቤቶች ወለዱ። ስለዚህ «እኛ ዘንድ ዐዋቂ አልነበረም» የሚለውን አልቀበልም።

የጎደለን ዐዋቂው ከዕቅዱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ነው። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ከ1957 እስከ 1961 የተያዘው ነው። መንገድ፣ ስኳር፣ ጥጥ፣ ኤሌክትሪክ ነበረበት። የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1960 ተመረቀ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1962 ተቋቋመ፤ ሐሳቡ የዚያው የቴነሲው ዓይነት ነበር። በዕቅዱ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1958፣ በደጋው ጠርዝ ሳይቀር ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ፤ 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህል ሞተ ተብሎ ይገመታል። የወባ ማጥፋት ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1959 ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይኸው ነው። ቴነሲ ላይ የሐይቁን ከፍታ ስለ ትንኝ ብለው ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ፣ የቆቃ ሐይቅ ዳርቻ መንደሮች ግን ከራቁት መንደሮች ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ ከስንት ዓመት በኋላ የራሳችን ልጆች ባደረጉት ጥናት ተረጋገጠ።

ከሁሉ የባሰው የ1984ቱ ነው። አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ረኀብም ገብቷል። መንግሥት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት እያከበረ ለዐሥር ዓመት የሚሆን መሪ ዕቅድ አወጣ፤ ኢኮኖሚው በየዓመቱ በ6.5 በመቶ ያድጋል ተባለ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ሰዎች የተራበውን ቆጥረው አስቀድመው አሳውቀው ነበር። የኛም ቆጣሪዎች ቆጥረዋል ማለት ነው፤ «አይቻልም» የሚለውን ቃል የሚሰማ ጄኔራል ግን አልነበረም። ከዚያ 600,000 የሚያህል ሕዝብ፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ደጋ፣ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተጓጓዘ። መሬቱ ለም ነው፣ ውሃው ሞልቷል ተባለ። ደገኛ ግን ከጥንት ጀምሮ ቆላ ወርዶ አርሶ ማታ ወደ ደጋው የሚመለሰው ለምን እንደነበር ማንም አልጠየቀም። በሽታውን የሚቋቋም ደም አልነበረውም። ብዙ ሰው በወባ ረገፈ። ዕቅድ አውጪው ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ሆነ፤ ልዩነቱ ገደሉ የገባው በሬው ራሱ ሳይሆን ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

በ1991 ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ሌላ የድል ማግስት መጣ። የወባ ድርጅቱ ከማዕከል ወርዶ ለክልሎች ተከፋፈለ። ሐሳቡ ክፋት አልነበረውም፤ ነገር ግን የረጪዎቹና የነፍሳት አጥኚዎቹ የተከማቸ ልምድ ሳሳ። በ2003 ብርቱ ወረርሽኝ ተነሣ። ከዚያ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ልጃገረዶች በየቀበሌው ተሰማሩ፤ አጎበር በሚሊዮን ታደለ፤ አዲስ መድኃኒት ገባ። በ2019 የታማሚው ቁጥር ወደ 900,000 ወርዶ ነበር። ይህን የሠሩት የራሳችን ሰዎች ናቸውና ልንኮራባቸው ይገባል።

ከዚያስ? ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጦርነት ሆነ፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ሰው ከቀየው ተፈናቀለ፣ ረጪው ወደ መንደሩ መግባት አቃተው። በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙንና 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታወቀ። በዚያ ላይ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘች ከእስያ የመጣች የትንኝ ዓይነት አለች፤ ይህቺኛዋ ረግረግ አትፈልግም፣ በከተማ በርሜልና በሕንፃ ግንባታ የውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋን ያስጨነቀችው እሷ ናት። ልብ በሉ፤ ግንባታ በበዛ ቁጥር እሷም ትበዛለች።

«አሜሪካ ትረዳናለች» የሚል ካለ፣ 2025ን ያስታውስ። የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት በዚያ ዓመት ተዘጋ፤ ለወባ ይመጣ የነበረውም እርዳታ ተናጋ። ሲዲሲ ራሱ በዚያው ዓመት ብዙ ሠራተኞቹ ተሰናበቱበት፤ ኦገስት 8 ቀን ደግሞ አንድ ታጣቂ የክሊፍተን ሮድ ሕንፃዎቹን በጥይት ደበደበ፣ አንድ ፖሊስ ሞተ። ሰማንያ ዓመት የተገነባ ቤት እንኳ በየትውልዱ «ይቁም» የሚል ሰው ካላገኘ እንደሚናጋ በዓይናችን አየን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለኛ የሚሆነው ምንድን ነው? በዚህ ከተማ የማንዋጣበት ጉዳይ የለም፤ ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ፣ ለተፈናቀለ ወገን እናዋጣለን። ሰላም ሲወርድ ደግሞ ለመልሶ ግንባታ እንጠራለን፤ ዕቅድም ይቀርብልናል። ያን ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ግድቡ፣ መስኖው ወይም ሠፈሩ ከመጀመሩ በፊት ውሃውንና ትንኙን የሚያውቅ ሰው ተጠይቋልን? ሁለተኛ፣ ያ ሰው «አይሆንም» ቢል ቃሉ የሚጻፍበትና የሚሰማበት ቦታ አለውን? ሦስተኛ፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ በዐሥረኛው ዓመት ደመወዙን የሚከፍለው ማነው? ሕንፃ ለመሥራት ገንዘብ የሚሰጥ ይገኛል። በየዓመቱ ቦይ ለሚጠርግ፣ ደም ለሚመረምርና ለሚቆጥር ሰው ደመወዝ የሚሰጥ ግን ብርቅ ነው። አትላንታ ላይ ትልቁን ፋብሪካ ዘግተው ትንሹን የቆጣሪዎች ቢሮ ማስቀረታቸውን አንርሳ።

ልጆቻችሁን በኤሞሪም ሆነ በጆርጂያ ስቴት የሕዝብ ጤና፣ የምሕንድስና ወይም የስታቲስቲክስ ትምህርት የምታስተምሩ ወላጆችም አላችሁ። ስለ ደንቢያና ስለ መተከል አጫውቷቸው። ከትምህርት ቤት የማያገኙት ነገር ነውና፤ አንድ ቀን ለአገሩ ዕቅድ የሚያወጣ ወይም ዕቅድ የሚመረምር ከመካከላቸው ይወጣ ይሆናል። እኛም በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስለ መንገዱና ስለ ሕንፃው ተወርቶ ሲያበቃ፣ እጁን አውጥቶ «የወባውስ ነገር?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከተገኘ፣ ይህን መጻፌ ከንቱ አልሆነም።